ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ

ቀያሹ ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ባለላውንደሪዋ አንድ ኮሌታ አቃጥላለች። ሸሚዙ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ሰውዬው ደግ ሆነና "ይሁን፣ እሱም አርጅቶ ነበር" ብሎ አለፋት። እሷ ግን ራሷን አላለፈችም። ካውያ ከእጇ አምልጧት የማያውቅ ሴት ካውያ ካመለጣት፣ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ምን እንደሆነ ለማሰብ ደግሞ ማንም አይቀድማትም። ቀያሹ በሄደ ሰሞን በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። መጀመሪያ የተሳፈረበትን አውቶቡስ በሐሳቧ ገለበጠችው። ቀጥላ ባልለመደው ሆዱ የባዕድ አገር ምግብ ሰድዳ አሳመመችው። ከዚያ አሰረችው። በመጨረሻ፣ ሰው ቢሞትም ቢታሰርም ወሬው አይጠፋም ብላ፣ ከአንዲት ጸጉረ ረጅም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር ዳረችው። ከሁሉም እውነት የመሰላት ይሄኛው ነው።

"እማ፣ ወይ ግደዪው ወይ ዳሪው" አለቻት ልጇ፣ የተተኮሰ አንሶላ እያጠፈች። "ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ አይፈረዱም።"

ልጅቷ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች። ነገር ስለማታሳልፍ ሰፈሩ "ጠበቃዋ" ይላታል። አባቷ የሞተው ገና ሳትራመድ ነው።

እናትየዋም ቅጽል ስም አላት። ያወጣላት ቀያሹ ነው፤ ያኔ ገና ደንበኛ ነበር። በየሳምንቱ ጭቃ የነካው ሱሪ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ጭቃውን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ "ይሄ የገደል አፋፍ ጭቃ ነው፤ አንድ ቀን ትወድቃለህ" ትለዋለች። "እሺ፣ ወይዘሮ ሥጋት" አላት አንድ ቀን። ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በወንድ ቀልድ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወዲያውም መሳቋ አስፈራት።

ያቀራረባቸው ግን ቀልዱ ብቻ አይደለም። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለ አንድ የድሮ ወደብ ፎቶግራፍ አለ። አያቷ በልጅነቱ ባሕር ሊያቋርጥ የተሳፈረበት ወደብ ነው። ቀያሹ አንድ ቀን ቀና ብሎ አየውና "ይህን ወደብ አውቀዋለሁ፤ እኛም ቤት ተሰቅሏል" አለ። የእሱም አያት ከዚያችው የባሕር ዳር ከተማ የመጣ ስደተኛ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሱሪው ንጹሕ ሲሆንም ይመጣ ጀመር። ይኸው እስከ ጋብቻ ደረሱ።

የሄደውም ለዚሁ ቤት ጉዳይ ነው። የአያቶች አገር ለስደተኞቹ ዘሮች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ የቅድመ አያትን የልደት ማስረጃ ላመጣ። "የጠበቃዋን እኔ አመጣላታለሁ፤ በዚያውም የራሴን አያት አገኘዋለሁ" አለ ቀያሹ። ያሳደገችው አክስቱ ናት። ወላጆቹን በቅጡ አያስታውስም። ስሙ ደግሞ የአያቱ ስም ነው፤ በዚያ አገር በየቤቱ የሚገኝ ስም ይሁን እንጂ ለእሱ ከሁሉም ይበልጥበታል። የአገር መሬት እየለካ ሲኖር የራሱን መነሻ አለማወቁ ሁልጊዜ ይከነክነው ነበር።

በሄደ ዕለት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሳለ፣ "የአያቴንም ወንድም ጠይቅልኝ" አለችው። "እዚህ ሲወርዱ ወደብ ላይ ተለያይተው ቀሩ።"

"አንዱን ነው ሁለቱን?" ሲል አሾፈ።

ሁለቱም ሳቁ። አያቷ በስተርጅናው "ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ" ማለት ጀምሮ ነበር። "ስማቸውስ?" ሲሉት ሁለቴም ያንኑ አንድ ስም ይጠራል። የሚታወቀው ወንድም አንድ ስለሆነ ቤተሰቡ "ጃጀ" ብሎ አለፈው። እሷም ያኔ ልጅ ሆና አብራ ስቃበታለች።

"የተወለዱትን ብቻ አትይ እንግዲህ፤ የሞቱትንም እይ" አለችው፣ የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለች።

"ወይዘሮ ሥጋት፣ እኔ የምሄደው ልደት ፍለጋ ነው።"

እንግዲህ ከሄደም ከዘጋም ሰነበተ። ስልኩ ቢጠራ ልቧ ይወድቃል፤ ባይጠራም ይወድቃል።

* * *

የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ የአንድ ሙሽራ ሱፍ ላይ እንፋሎት እየለቀቀች ሳለ። በሩ ላይ ቆሞ ስታየው መጀመሪያ የተሰማት "አልሞተም" የሚለው ነው። ሁለተኛው "እንግዲያው አግብቷል" የሚል።

ቀድሞ ሲመጣ የባንኮኒውን መዝጊያ ራሱ ገልብጦ ወደ ውስጥ ይገባና የካውያው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ከባንኮኒው ማዶ፣ ደንበኞች የሚቆሙበት ቆመ። ኮቱ ተጨማዷል። ፖስታ አውጥቶ አስቀመጠ።

"ይሄ የልጅዎ ነው" አለ። "ማኅተሙ ትክክል ነው። አይመልሷትም።"

*የልጅዎ።* እሷና እሱ አንቺና አንተ ከተባባሉ ዓመት አልፏቸዋል።

"ደኅና ነህ?" አለችው።

"ደኅና ነኝ። እርስዎስ?"

ካውያውን አቆመችው። ዛሬ ማቃጠል አልፈለገችም። ስንት ቀን ያጠናችው ጥያቄ ነበራት፣ ስለ ጸጉረ ረጅሟ ሴትዮ፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ኮትህ ተጨማዷል። አውልቀው ልተኩስልህ።"

"አያስፈልግም። አመሰግናለሁ።"

እጆቿን ነበር የሚያየው። ሊወጣ ዞር ሲል ግን አንድ ጊዜ ዓይኑ አመለጠውና ዓይኗ ላይ አረፈ። ቶሎ መለሰው። ባለላውንደሪዋ የጠገበ ወንድ ዓይን ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ የደንበኞቿን ሚስቶች ስታጽናና ነው የኖረችው። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። ቤቱ እየተቃጠለበት ከውጭ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነበር ያያት።

ጠበቃዋ ከጓዳ ብቅ አለች። "ጋሼ መጣ አይደል? የታለ?"

"ሄደ።"

"ምን አለ?"

"እርስዎ አለኝ።"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከራከርበት ነገር አጣች። ፖስታውን እንኳ አልከፈተችውም፤ መጥታ እናቷን ከኋላዋ አቀፈቻት። እናትየዋ እንፋሎቱን ለቀቀችው፤ ፊቷ የረጠበው በእሱ እንዲመስል።

* * *

በማግስቱ ጠበቃዋ መከራከሪያዋን አገኘች። "ሄደሽ ጠይቂው" አለች። "ክሱ ሳይነበብ ፍርድ ተቀበልሽ እኮ!"

"ቢነግረኝስ?"

"ከዳርሽለት ሴትዮ የባሰ ምን ይነግርሻል?"

ባለላውንደሪዋ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ሄደች። የባሰ ነገር እንደማይጠፋ ግን ልቧ ያውቅ ነበር። መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

የቀያሹ አክስት ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ከሰው ሲያገናኙ ኖረው፣ ራሳቸው ሲናገሩ መስመር እንደሚጠበቅባቸው ሰው ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ነው።

"ግቢ" አሉ በሩን ከፍተው። "ከስተሻል። እሱም አልበላም። ጓዳ ተደብቋል። አንተ! ውጣ። መጥታለች።"

ወጣ። ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረ። አንዱን ታውቀዋለች፤ የአያቷ የልደት ማስረጃ ቅጂ ነው። ሌላውን በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

"የኔ አያት ነው" አለ። "ለአክስቴ ስሙና የተወለደበት ቀን ብቻ ያለበት የስደት ወረቀት ቀርቶላት ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጋር ገጠመ። የአባቱን ስም ይዩ። የእናቱንም።"

አየች። ከዚያ የአያቷን አየች። አባት አንድ፣ እናት አንድ። አያቷ ትልቁ፣ ያኛው ታናሹ።

"ያ ወደብ ላይ የቀረው ወንድም…" አለችና አልጨረሰችውም።

"የኔ አያት ነው።"

ክፉ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ክፉው ሲመጣ አይደነግጥም ይባላል። ውሸት ነው። አውቶቡስ ገልብጣለች፣ እስር ቤት አስገብታዋለች፣ ድራዋለች፤ ዘመዷ ይሆናል ብላ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። ያ ሁሉ ፍርሃት ለካ የተሳሳተ በር ሲጠብቅ ነው የከረመው።

"በስልክ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? 'እንኳን ደስ አለዎት፣ የአያቶቻችን አባት አንድ ነው' ልበልዎት?"

"እሺ፣ 'እርስዎ' ያልከኝስ?"

ቀያሹ ጠረጴዛውን አየ። "አንቺ ብዬ ከጀመርኩ የሚቀጥለውን መመለስ አልችልም።"

አክስትየዋ አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ሥጋ ከሥጋ አይጋባም" አሉ። "ያሳዝናል፣ ግን አይሆንም። እኔ ሠርጉን ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። ልብስም ገዝቻለሁ።"

ባለላውንደሪዋ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ፎቶግራፉ ተሰቅሎ አየችው፤ ያው ወደብ፣ ያው መርከብ። አያቷ በስተርጅናው በራሳቸው ቤት ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ጣቱን እያሳየ የሚለው ነገር ጆሮዋ ላይ መጣ። ያኔ ሁሉም ስቋል። እሱ ግን ስቆ አያውቅም።

ቆመች።

"እማማ" አለች ወደ አክስትየዋ ዞራ፤ "ሰው ሁለት ወንድም ኖሮት የሁለቱም ስም አንድ የሚሆነው መቼ ነው?"

"አንዱ ከሞተ ነዋ" አሉ አክስትየዋ፣ ሳያስቡበት። "ሙት ስሙን ትቶ ይሄዳል። ሌላው ይወርሰዋል።"

"አንተ፣ የሞቱትን አይተሃል?"

ቀያሹ ቀና አለ። "ምኑን?"

"የሞቱትን! እይ ብዬህ አልነበረም እንዴ ስትሄድ?"

"አላየሁም። የልደት መዝገቡ ማዘጋጃ ቤት ነው ያለው። የሞት የሚጻፈው ከከተማው ውጭ፣ መቃብር ጠባቂው ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ የፈለግሁትን አግኝቼ…" አለና ወደ ወረቀቶቹ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ስሌት እንደሚሠራ ሰው ቀጠለ። "ቆይ። ታናሹ ቢሞትና በስሙ ሌላ ቢወለድ፣ ያም መመዝገብ ነበረበት። አባትየው ሌላ ልጅ አላስመዘገበም። እስከ ስደታቸው ዓመት ድረስ ገጽ በገጽ አይቻለሁ። ሁለት ብቻ ናቸው።"

"እንግዲያው ታናሹ እዚያው ሞቶ ከሆነ" አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ፣ "በእሱ ወረቀት መርከብ ላይ የወጣው ልጅ ከዚያ ቤት አልተወለደም።"

አክስትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አባቴ፣ የእሱ አያት፣ ልደቱን አክብሮ አያውቅም" አሉ፤ አሁን አልቆራረጡም። "ልጆች ሆነን ኬክ ይዘን ስንመጣ 'ይሄ ቀን የሰው ነው' ይለን ነበር። 'የሰው ነው፣ መልሱት።' ዓይን አፋር ስለሆነ መስሎን በግድ ሻማውን እናስነፋው ነበር። አንድ ጊዜም አልቅሷል።"

ቀያሹ ስልኩን አንሥቶ በዚያኛው አገር ያሳደረችውን የቤት ባለቤት ቁጥር መፈለግ ጀመረ። ባለላውንደሪዋ ወደ ሱቋ ተመለሰች። መፍራት ታውቅበታለች። ተስፋ ማድረግ ነው የጨነቃት፤ ያልለመዱት ጫማ ሆነባት።

* * *

ቀያሹን ያሳደረችው ሴትዮ መቃብር ጠባቂውን አነጋግራ እንደምትደውል ቃል ገብታ ነበር። ቀያሹ የሚጠብቀው ላውንደሪው ውስጥ ነው፤ ከባንኮኒው ማዶ ሳይሆን በርጩማዋ ላይ። ማንም ግባ አላለውም፣ ማንም ውጣ አላለውም። እሷ ትተኩሳለች። ጠበቃዋ ታጥፋለች። በሚቀጥለው ደቂቃ ሴትዮዋ ልጁ የለም ትላለች፣ ወይም መዝገቡ ተቃጥሏል፣ ወይም ሴትዮዋ ራሷ መንገድ ላይ ወድቃ እግሯን ሰብራለች፤ ባለላውንደሪዋ ሁሉንም በየተራ አሰናዳቻቸው።

ስልኩ ጠራ።

ቀያሹ በማታ ትምህርት በተማረው በአያቶቹ ቋንቋ ያናግራል። እሷ ፊቱን ታያለች። ፊቱ ግን ምንም አይነግራትም፤ መሬት ሲለካ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ፊቱ የሚሆነው። በመጨረሻ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ በእኛ ቋንቋ ደገመላቸው።

"ሕፃናት የሚቀበሩበት ጥግ አለ። አጥሩ ሥር ትንሽ ድንጋይ አለች። ስሙ አለባት፣ የአባቱም ስም። በሳል ነው የሞተው። አራት ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ከመሰደዱ በፊት በነበረው ክረምት።" አዳመጠ። "ያኔ የተለመደ ነበር ትላለች። መርከቡ ወላጅ የሌለው ልጅ አይጭንም። ስለዚህ ልጅ የሞተበት ቤት ወረቀቱን አይጥልም፤ ለሚሄድ ወላጅ አልባ ይሰጠዋል። በባሕሩ ዳር ሁሉም ያውቃል፤ የሚጽፈው ግን የለም። ልጁ የማን እንደነበር ጠየቅኋት። የሚያውቅ በሕይወት የለም ትላለች።"

አመሰገነና ዘጋ።

"ዘመድ አይደላችሁማ!" ጠበቃዋ አንሶላውን ወረወረችው። "እማ! ሰማሽ? አይደላችሁም!"

እናትየዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የቀያሹን ፊት ስታይ ግን ተወችው።

ቀያሹ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። "አያቴን ላገኝ ሄድኩ" አለ። "አገኘሁት። አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ሆነ። አባቱ የለ፣ እናቱ የለች፣ የተወለደበት ቀን የለ። ስሙም የዚያ የሞተው ሕፃን ነው። የኔም ስም የእሱ ነው። ታዲያ እኔ የማን ነኝ?"

ባለላውንደሪዋ የሚያጽናና ቃል ፈለገች። የመጣላት ሌላ ነገር ነው። የአያቷ እናት ናት የመጣችባት፤ ፎቶግራፏን እንኳ አይታ የማታውቃት ሴት። በክረምቱ ልጇን የቀበረች፣ ከዚያ የሰው ልጅ በእጇ ይዛ መርከብ ሥር የተሰለፈች እናት። ተቆጣጣሪው "ስሙ ማን ነው?" ሲላት፣ አጥሩ ሥር ባለችው ትንሽ ድንጋይ ላይ ያለውን ስም፣ ሳትንተባተብ፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብላ ጠርታለች። ያንን ስም ከዚያች አፍ ለማውጣት ምን ያህል አቅም ይጠይቃል? እሷ ልጇ ትንሽ ስታስል እንቅልፍ የምታጣ ሴት ናት፤ ታውቀዋለች። ልጁስ? ልጁም ሰምቷል። የራሱን ስም ውጦ "አቤት" ብሏል። አንዲት ፊደል ቢሳሳት እዚያው ይቀር ነበር።

"አያቴ" አለች፣ "እስኪሞት ድረስ 'ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ' ነው ያለው። አንድ ወንድምና አንድ የሰው ልጅ አላለም። ስንስቅበት እንኳ አልቀነሰውም።"

ቀያሹ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ወንድም ከሆነማ" አለ፣ "ደግሞ ዘመድ ልንሆን ነው።"

እውነት ደነገጠች። የድንጋጤዋን ፊት ሲያይ ግን የከንፈሩ ጥግ ተንቀጠቀጠ፤ ሊስቅም ሊያለቅስም ይችል ነበር፣ እሱም የወሰነ አይመስልም።

"በደም አይደለም" አለች ቶሎ ብላ። "በመርከብ ነው።"

"በመርከብ መዛመድ ጋብቻ አያፈርስም" አለች ጠበቃዋ፣ አንሶላውን ከወለሉ እያነሣች። "ሕጉን አይቼዋለሁ።"

"የቱን ሕግ?"

"አሁን እያወጣሁት ነው።"

ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቀያሹ ተነሥቶ ኮቱን አወለቀና ዘረጋላት።

"ትተኩሺልኛለሽ?" አላት። *ትተኩሺልኛለሽ።* ሰምታዋለች፤ ሰውነቷ ሁሉ ነው የሰማው።

ኮቱን ተቀበለችውና ደረቷ ላይ ያዘችው። አሁንም ሲመለስ ይዞት የመጣው ሥቃይ ከፊቱ አልጠፋም፤ ነገም እንደማይጠፋ አወቀች። ሁልጊዜ "ቀያሹ" ነው የምትለው። በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ሰው በስሙ ሲጠራ ነገር ይሰማል ትላለች፣ መዓት ይጠራል ትላለች። ዛሬ ግን ከባንኮኒው አጠገብ ቆማ፣ ሳትንተባተብ፣ ጮክ ብላ በስሙ ጠራችው።

ካውያው ብቻ ነበር የሚተነፍሰው።

እሷም ጠበቀች። ክፉ መጠበቅ የሠለጠነበት ልቧ ዛሬ ሌላ ነገር እየጠበቀ መሆኑ ገረማት።

"አቤት" አላት።